የቀደምት ሕንፃዎች ዐደራ፤ በላሊበላና በኢየሩሳሌም

አንድ ሕንፃ ስምንት መቶ ዓመት ቆሞ ሲገኝ፣ እስከ ዛሬ ያቆሙት ሠሪዎቹ ብቻ አይደሉም። በየዘመኑ ጣሪያውን የጠረጉ፣ ቦዩን የከፈቱ፣ የተሰነጠቀውን የደፈኑ፣ ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈ ሰዎች አብረው አቁመውታል። ንጉሥ ሕንፃ ቢያሠራ ስሙ ይጻፍለታል፤ ጳጳስ ቢባርከው ቀኑ ይከበራል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት አሸንዳውን የጠረገውን ግን የሚያስታውሰው የለም። በዚህ ዘመን ስለ ቅርስ ጥበቃ ብዙ ይነገራል፤ ጉባኤ ይደረጋል፤ አዋጅ ይወጣል፤ ከባሕር ማዶም ገንዘብ ይመጣል። የጎደለው ያ ስሙ የማይታወቀው ሠራተኛ ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ቦታዎች ይበቃሉ፤ አንደኛው በላስታ ያለው የቅዱስ ላሊበላ ሥራ፣ ሁለተኛው በኢየሩሳሌም ያለው የጌታችን ትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በላሊበላ የሚገኙት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ተፈልፍለው የወጡ እንጂ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የታነጹ አይደሉም። ይህ ነገር የሚያየውን ሁሉ ያስደንቃል፤ የሚጠብቀውን ሰው ግን ያስጨንቃል። በግንብ የታነጸ ቤት አንድ ድንጋይ ቢበላሽበት ያ ድንጋይ ወጥቶ ሌላ ይገባበታል። ከዐለት የተፈለፈለ ቤት ግን ሁለመናው አንድ አካል ስለ ሆነ የተሸረፈው አይመለስም። ዐለቱም ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ መልኩ ቀላ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበትና ውኃ የሚጠጣ ዓይነት ነው። በክረምት ይርሳል፤ በበጋ ይደርቃል፤ በእርጥበትና በድርቀት መካከል ሲመላለስ ይሰነጠቃል፣ እንደ ዛፍ ቅርፊትም ይላጣል። በላዩ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ደግሞ ፊቱን ቀስ እያለ ይበላዋል።

ሠሪዎቹ ይህን የድንጋዩን ጠባይ ያውቁት ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ ናቸውና፣ ዝናም በዘነመ ጊዜ ዐጸዱ ኩሬ እንዳይሆን ወለሉን አዘንብለው፣ ቦይ ፈልፍለው፣ ውኃው ወደ ዝቅተኛው ስፍራ እንዲወርድ አድርገዋል። ጎብኚ ሁሉ የቤተ ጊዮርጊስን መስቀልና የቤተ መድኃኔ ዓለምን ዐምዶች ያደንቃል፤ የሠሪዎቹ ጥበብና አስተዋይነት ግን በእነዚያ ዝም ባሉ ቦዮች ይበልጥ ይታወቃል። ምክንያቱም ዐምዱን ለዐይን ሠሩት፤ ቦዩን ግን ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣው ዘመን ሠሩት።

ከጊዜ ብዛት አብዛኞቹ ቦዮች በአፈር ተሞሉ፤ ተደፍነውም ለብዙ መቶ ዓመታት ቆዩ። የተከፈቱት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። የምድር መንቀጥቀጥም አንዳንዶቹን አዛብቷቸዋል። ስለ መንቀጥቀጡ ሰው አይጠየቅም፤ ስለ አፈሩ ግን ይጠየቃል። ቦዩን የደፈነው አንድ ቀን መጥቶ የሄደ ጠላት አልነበረም። በዚህ ዓመት አንድ አካፋ፣ በሚመጣውም ዓመት ሌላ አካፋ አፈር ሳይነሣ ሲቀር፣ የልጅ ልጅ ዘመን ሲደርስ ቦይ መኖሩ እንኳ ተረሳ። የውኃ ጠብታ ድንጋይ ይበሳል እንደሚባለው፣ ጥፋቱ የመጣው በጠብታ ነው፤ ቸልተኝነቱም በጠብታ ነበር።

ወደ ጥገናው ታሪክ ሲመጣ፣ ሦስት ዓይነት ሥራ በላሊበላ ታይቷል፤ ሦስቱንም በየሥራቸው መመዘን ይገባል።

የመጀመሪያው በ1950ዎቹ የተደረገው ነው። በዚያን ጊዜ ውኃው እንዳይገባ ተብሎ ዐለቱ በሬንጅ ተቀባ፤ በሬንጁም ላይ ቀይ ቀለም ተደረበበት። የሠራተኞቹ አሳብ በጎ እንደ ነበር አይጠረጠርም። ይሁን እንጂ ሬንጅ ከላይ የሚወርደውን ውኃ ቢከለክል፣ ከውስጥ ያለውንም እርጥበት እንዳይወጣ ያፍነዋል። ቀለሙም ዐለቱን ዐለት ከመምሰል አወጣው። ይህ ሥራ ድንጋዩን ሳያጠኑ መድኃኒት ማዘዝ ነበር፤ በሽተኛውን ሳይመረምር ሁሉን በአንድ ቅባት እንደሚያክም ሐኪም ማለት ነው።

ሁለተኛው በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ነው። በ1965 የተመሠረተውና ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ተብሎ የሚጠራው ማኅበር ገንዘብ አሰባስቦ፣ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባሉት ኢጣሊያዊ የሥነ ሕንፃ ሊቅ ሥራውን መሩ። ሬንጁና ቀለሙ ተነሣ፤ ዐለቱ እንደ ገና ፊቱን አሳየ። የዚህ ሥራ ምስጋና ከመጨመር ይልቅ በመቀነስ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የጨመሩትን ማንሣት ትሕትና ይጠይቃል፤ አዲስ ነገር ስለማይታይበት ማንም አያጨበጭብለትምና። በ1966 ስለ ጥንታውያን ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 የወጣውም በዚሁ ወራት ነበር። ስለዚህ ሕግም፣ ገንዘብም፣ ሙያም በአንድ ጊዜ የተገናኙበት ዘመን ነበረ ማለት ይቻላል። ያልተገናኘው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሊቁ ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራውን በየዓመቱ የሚቀጥል፣ በስፍራው የሚኖር፣ የሠለጠነና ደመወዝ የተቈረጠለት ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው የመጠለያው ሥራ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉ በኋላ፣ በ2007 እና በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ስለዚህ ሥራ ሲነገር ፍርድ ሳይዛባ መናገር ያስፈልጋል። መጠለያው ዝናሙን ከልክሏል፤ የተሰነጠቁት ጣሪያዎች በየክረምቱ ይጠጡት የነበረውን ውኃ አስቀርቷል። አንዳች ሳይደረግ ከመቅረቱ ይልቅ ይህ መደረጉ ይሻል ነበር የሚል ሰው ቢኖር፣ ስሕተት ተናገረ አይባልም።

ነቀፌታው ግን በሌላ በኩል ነው። መጠለያው ሲተከል ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነበር። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሁሉ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፤ መቼ ይነሣል? እስከዚያስ ድረስ ከሥሩ ምን ይሠራል? ክዳኑ የተዘረጋው ለጠጋኙ ጥላ እንዲሆን ነበርና፣ ጠጋኙ ካልመጣ ጥላው ለማን ነው? ቆስሎ የታሰረ ሰው መታሰሪያውን ለዓመታት ቢሸከም፣ ከታችም ቁስሉን የሚያይለት ባይኖር፣ መታሰሪያው መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሸክም ይሆንበታል። በዐለቱ ዳር የቆሙት የብረት ምሰሶዎች ክብደታቸውን በዚያው በሚፈራለት ስፍራ ላይ ያሳርፋሉ። ብረቱና ክዳኑ ከባሕር ማዶ የመጣ ስለ ሆነ አንድ ነገር ቢላላ ወይም ቢቀደድ የአገሬው ሠራተኛ በእጁ ባለ መሣሪያ አይጠግነውም። በ2018፣ ክዳኑ 10 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ የላሊበላ ሕዝብ መጠለያው በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ይወድቃል ብሎ በአደባባይ ወጥቶ ጮኸ። በመጋቢት 2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ስፍራውን ጎብኝተው ለመርዳት ቃል ገቡ፤ ከዚያም በኋላ የሁለቱ አገሮች የጋራ ሥራ ተጀመረ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕዝብ እስኪጮህ፣ የሌላ አገር መሪም እስኪመጣ ድረስ የመጠለያው ዕድሜ ያላሰበው ሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ክዳን ይመረቃል፤ ቦይ አይመረቅም። የሕዝብን ሀብት እንዲጠብቁ የተሾሙ ሰዎች በሽታ በዚህ ቃል ይጠቃለላል። ገንዘብ የሰጠ ሁሉ ስሙ የሚጻፍበትን ግዙፍ ነገር ይወዳል፤ ባለ ሥልጣንም ሪባን የሚቈረጥበትን ቀን ይወዳል። ስንጥቅን በኖራ እየደፈኑ፣ ሽበትን እየጠረጉ፣ ቦይን እየከፈቱ በየዓመቱ መመላለስ ግን ለፎቶግራፍ የማይመች ሥራ ነው።

ሌላ መንገድ እንደሚቻል በዚያው በላሊበላ ታይቷል። በ2010ዎቹ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ባካሄደው ጥገና፣ ከላይ መጠለያ በመትከል ፋንታ ጣሪያው ራሱ ተመርምሮ ስንጥቁ ለዐለቱ በሚስማማ ድፍን ተደፈነ፤ የአገሬው ሠራተኞችም ሙያውን እየተማሩ አብረው ሠሩ። ከዚያም ሥራው ወደ ቤተ ጎልጎታና ወደ ቤተ ሚካኤል ተሻገረ። በእንደዚህ ያለ ሥራ ሁለት ትርፍ አለ፤ አንደኛው ቤተ ክርስቲያኑ ሰማይን እያየ መቆየቱ ነው፤ ሁለተኛውና የሚበልጠው ሙያው በስፍራው ሰው እጅ መቅረቱ ነው። ብረት ያረጃል፤ ሙያ ግን ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል።

እንዲህ ያለ ነገር በድኻ አገር ብቻ የሚሆን የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ወደ ጎልጎታ የሚመጣ ምእመን ሁሉ ከሚሳለመው ስፍራ ላይ ተቃራኒውን ማየት ይችላል። የትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን በክርስቲያን ዓለም ሁሉ የከበረ ነው፤ ገንዘብ የሚሰጠውም አያጣም። ነገር ግን በሐምሌ 1927 የምድር መንቀጥቀጥ ሕንፃውን ከጎዳው በኋላ፣ ዋናው ጥገና እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አልተጀመረም፤ የትልቁ ጉልላት ሥራ የተፈጸመውም በ1997 ነው። በጌታችን መቃብር ላይ የተሠራችው ትንሿ ቤትም ግድግዳዋ ወደ ውጭ ስላበጠ፣ የእንግሊዝ አስተዳደር በ1947 በብረት አሰራት። ያም ብረት ጊዜያዊ ነበር፤ ወደ ሰባ ዓመት ያህል ግን ቆየ። ስንት ሺህ ምእመናን ያን ብረት እያዩ ተሳልመው ሄዱ! የሚበዙትም የጥንት ጌጥ መስሏቸው ይሆናል።

የመዘግየቱ ምክንያት ከላሊበላው ፈጽሞ የተለየ ነው። በቅዱሳት መካናት «ስታቱስ ኮ» የሚባል፣ የነበረውን እንደ ነበረ የማቆየት ሥርዓት አለ። በ1852 በኦቶማን ሡልጣን ትእዛዝ የጸና ነው። በዚህ ሥርዓት ልማድ ጣሪያን መጠገን፣ ደረጃን መጥረግ፣ ግድግዳን መለሰን የባለቤትነት ማስረጃ ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህ አንዱ ወገን ለመጠገን ቢነሣ ሌላው «ርስቴን ወሰደብኝ» ብሎ ይከለክላል፤ ያም ባይጠግን ይህም አያስጠግንም። ከዋናው በር በላይ፣ በመስኮቱ ሥር፣ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የምትታየው የእንጨት መሰላል የዚህ ሥርዓት ምስክር ናት። የኢትዮጵያ መነኮሳት በሚኖሩበት በዴር ሡልጣንም የደረሰው ይኸው ነው። ስለ ቦታው ከቅብጦች ጋር ያለው ክርክር ስላልተቈረጠ ጥገናው ሲጓተት ቆይቶ፣ በ2017 ከአንዱ ጸሎት ቤት ጣሪያ ድንጋይ ወደቀ፤ ስፍራውም ተዘጋ። ጥገናው የተደረገው በ2018 በመንግሥት ባለ ሥልጣኖች እጅ፣ ያውም በብዙ ሁከት መካከል ነው። ድንጋይ ሲወድቅ የማን ራስ ላይ እንደሚያርፍ ሃይማኖትንና ወገንን አይጠይቅም።

ከዚያ ሁሉ መዘግየት በኋላ በመቃብሩ ላይ የሆነው ግን ትምህርት ይሰጣል። በ2015 የጸጥታ ጠባቂዎች ስፍራውን ለአደጋ ሠግተው ለጥቂት ሰዓታት በዘጉት ጊዜ ሁሉም ደነገጠ። በ2016 ግሪኮች፣ ላቲኖችና አርመኖች ተስማሙ፤ የአቴና ብሔራዊ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በፕሮፌሰር አንቶኒያ ሞሮፖሉ መሪነት ሠሩ፤ በመጋቢት 2017 ሥራው ተፈጽሞ የ1947ቱ ብረት ተነሣ። በ2022 ደግሞ የወለሉ ጥገና ተጀመረ። ሥራው ራሱ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ወሰደ፤ ስምምነቱን መጠበቅ ግን ብዙ ዓሠርት ዓመታት ፈጀ። እንግዲህ ችግሩ የድንጋይ አልነበረም፤ የሰው ነበር።

ሁለቱ ቦታዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ሁለት ተቃራኒ ሕመሞች ይገለጣሉ። በኢየሩሳሌም መጠገን ባለቤት መሆን ስለ ሆነ፣ ባለቤት ነኝ ባይ በዝቶ ጠጋኝ ጠፋ። በላሊበላ ደግሞ ባለቤቱና ጠጋኙ ተለያዩ፤ ቤተ ክርስቲያን ባለቤት ናት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሰጪ ነው፤ ገንዘብ ሰጪው ከባሕር ማዶ ነው፤ ሊቁም እንግዳ ነው። በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በእጁ የሚገኝ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ ጥገናም ያለ ባለ ሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይደረግ ያዛል። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ እንደ ሬንጁ ያለ ስሕተት እንዳይደገም ይከለክላልና። ነገር ግን ባለቤቱ «ፈቃድ የለኝም» ብሎ ቢቀመጥ፣ ፈቃድ ሰጪውም «ገንዘብ የለኝም» ብሎ ቢቀመጥ፣ ክረምቱ የሁለቱንም ደብዳቤ አይጠብቅም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ በመጽሐፈ ነገሥት የንጉሡ የኢዮአስ ታሪክ የዚሁ ምሳሌ ነው። ንጉሡ የቤተ መቅደሱ ፍራሽ እንዲጠገን ካህናቱን አዘዘ፤ ገንዘቡም በእጃቸው ይገባ ነበር። በነገሠ በ23ኛው ዓመት ሲመረምር ግን ምንም አልተጠገነም። የተሰረቀ ነገር አለ ተብሎ አልተጻፈም፤ ሥራው ለሁሉ የተሰጠ ስለ ነበር የማንም ሳይሆን ቀረ። ካህኑ ዮዳሄም ክዳኑ የተነደለ ሣጥን አበጅቶ በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ ገንዘቡን የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ቈጠሩ፤ ቈጥረውም በቀጥታ ለጠራቢዎችና ለግንበኞች እንዲከፈል አደረጉ። በዚያ ገንዘብ የብርና የወርቅ ዕቃ አልተሠራበትም። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ለጥገና ብቻ የተለየ ገንዘብ፣ መንግሥትና ቤተ ክህነት አብረው የሚቈጥሩት ሒሳብ፣ እንዲሁም ደመወዙን በጊዜው የሚያገኝ ሠራተኛ። ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የታወቀው ይህ ሥርዓት ዛሬም የሚሻሻልበት ነገር ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ሥራ የተሾመ ሰው አላት፤ እርሱም ገበዝ ነው። የገበዝ ሹመት ሕንፃውንና ንብረቱን መጠበቅ ሆኖ ሳለ፣ በብዙ ስፍራ ቁልፍ መያዝና ንዋየ ቅድሳት መቊጠር ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ገበዙ የሕንፃ ጥበቃ ትምህርት ቢሰጠው፤ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ጣሪያውን፣ ቦዩንና ስንጥቁን እየተመለከተ በመዝገብ ቢጽፍ፤ ጎብኚ ሲገባ ከሚከፍለው ገንዘብ የታወቀ እጅ ለዚህ ሥራ ቢለይ፤ የዓመቱም ሒሳብ በደጀ ሰላም ቢለጠፍ፣ የመንግሥት ባለሙያም የውጭ ሊቅም ሲመጡ የሚያነጋግሩት ሰውና የሚያነቡት መጽሐፍ ያገኛሉ። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ሊቅ ከዜሮ ይጀምራል፤ የፊተኛው ምን እንደ ቀባ፣ ምን እንደ ደፈነ የሚነግረው የለምና።

በመነኮሳትና በምእመናን በኩል ያለው ጉድለትም መሸፈን የለበትም። በጥንታዊ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የሚለስነው፣ የቀደመውን ሥዕል በዘይት ቀለም የሚሸፍነው፣ በተጠረበ ድንጋይ ላይ ለመብራት ሽቦ ምስማር የሚመታው፣ ጧፍን ከግድግዳ አስጠግቶ የሚያበራው ብዙ ጊዜ የውጭ ሰው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑን የሚወድ ሰው ነው። ስለት የሚያገባው ምእመንም ጃንጥላ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ያመጣል፤ ዕቃ ቤቱ በጃንጥላ ተሞልቶ ሳለ ጣሪያው ያፈስሳል። ስለት የገባበትን ነገር መስጠት ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሊሳል ሲያስብ አንድ ቦይ ለማስጠረግ ወይም የአንድ ጠራቢ የወር ደመወዝ ለመክፈል ቢሳል፣ ስእለቱ የሚያንስበት ምክንያት የለም። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለ ዕዳ አይቀበለውም ይባላል። ቤቱ ሲያፈስስ ዝም ያለ ባለቤት፣ ባዕድ ለምን አልጠገነልኝም ብሎ የመክሰስ ድፍረቱ ከየት ይመጣል?

ቅዱስ ላሊበላ በላስታ ተራራ ላይ ዮርዳኖስን፣ ጎልጎታንና ቤተ ልሔምን በስም ማቆሙ ይነገራል። ዛሬ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ የሚመለስ ምእመን ሁለቱን ያውቃል፤ በሁለቱም ዘንድ ዐለቱ በሰው ቸልታ ሲጎዳ አይቷል። ወደ ደብሩ በደረሰ ጊዜ ከመሳለም በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የዚህ ሕንፃ ጠባቂ በስሙ ማን ይባላል? ጥገናው የሚጻፍበት መዝገብ የት አለ? ቦዩስ መጨረሻ የተጠረገው መቼ ነው? መልስ ያላገኘ እንደ ሆነ፣ ሰኔ ሳይገባ አካፋ ይዞ ከገበዙ ጋር ይውጣ።